የቋጠሮ ዘር፦ ከሳንጃ ማጀት እስከ አዲስ አበባ ጀሪካን

ግንቦት ላይ ሳንጃ ውስጥ ሰው የሚያወራው ስለ ሙቀት ብቻ ነው። ውሻው ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ይታከካል፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ይንቋቋል፣ ማንጎ የሚሸጡት ሴቶች ጃንጥላቸውን ለፍሬው ዘርግተው እነሱ ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። ከጎንደር ተነስቶ አርማጭሆን ቁልቁል የወረደ ሰው፣ ስልሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ሄዶ ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። እቴቴ ግን ግንቦትን አታማም። ሥራ አለባት። ማጀት ገብታ ከምድጃው በላይ የተንጠለጠሉትን ቋጠሮዎች አንድ በአንድ እያወረደች ትፈታለች።

እቴቴ አያቴ ናት። ቋጠሮዎቹ የአሮጌ ነጠላ ቁራጮች ናቸው፤ ጭስ ጠጥተው ቡና መስለዋል። ውስጣቸው ዘር አለ፦ ባሚያ፣ ዱባ፣ ቅል፣ በርበሬ፣ ኩድራ (ሱዳኖቹ ሙሉኪያ የሚሉት ቅጠል)። ዘሩ በአመድ ተለውሷል። አመዱና ጭሱ ነቀዝን ያርቃሉ። የትኛው ቋጠሮ የቱን እንደያዘ የሚያሳይ ጽሑፍ የለም፤ እሷ በእጇ ጫን ስታደርገው ታውቀዋለች።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት በግንቦት 2015 ነው። ወደ አዲስ አበባ ልመለስ ስል አንዷን ቋጠሮ ሻንጣዬ ኪስ ውስጥ ወሸቀችው።

«ባሚያ ናት። ዝራት።»

«እቴቴ፣ እኔ እኮ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። ጓሮ የለኝም።»

«ጣሳም የለህ?»

ሳቅኩ። ያኔ ነገሩ ቀልድ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ፣ ነሐሴ ላይ፣ ክልሉ ውስጥ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ መንገዱ ተዘጋ፣ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። እቴቴ ሕመም ጠናባትና ዘመድ እንደምንም ጎንደር አክስቴ ቤት አደረሳት። የዚያ ዓመት ክረምት የሳንጃው ጓሮ ማንም አልነካውም። ማጀቱ ውስጥ የቀሩት ቋጠሮዎች ምን እንደደረሰባቸው የሚነግረን ሰው አላገኘንም። እኔ ጋ ያለችው የባሚያ ቋጠሮ ከዚያ ጓሮ የወጣች የመጨረሻዋ ዘር ልትሆን እንደምትችል የገባኝ ያኔ ነው።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የዘር ታሪክ ነው። «ዘር» የሚለው ቃል በዚህ ዘመን ስንቱን እንዳጋደለ ስለማውቅ አስቀድሜ ልናገር፦ የማወራው መሬት ውስጥ ስለሚገባው ነው።

ስለ ቆላው የተጻፈውን ብትፈልጉ የምታገኙት ጠመንጃ ነው። መተማ ስትሉ መጋቢት 1881 ይመጣል፤ ዐፄ ዮሐንስ ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው የሞቱበት። አርማጭሆ ስትሉ የጣሊያን ዘመን አርበኞች ይመጣሉ፣ እነ አሞራው ውብነህ። ቀጥሎ ኢዲዩ በ1969 መተማንና ሑመራን መያዙ፣ ቀጥሎ ሰሊጥ፣ ቀጥሎ ድንበር፣ ቀጥሎ ስደተኛ። ሁሉም እውነት ነው፤ እኔም በእሱ ተረት ነው ያደግኩት። ግን አንድ ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይከነክነኛል፦ እነዚያ ሁሉ ጀግኖች ማታ ማታ ምን በልተው ነበር የሚያድሩት? ማሽላ፣ እሺ። የማሽላው እንጀራ በምን ይበላል? ወጡን ማን አበቀለው?

ጓሮ ታሪክ ውስጥ የማይገባው ለምን እንደሆነ ለመገመት አይከብድም። ግብር ሰብሳቢው የሚቆጥረው አውድማ ላይ ያለውን እህል ነው። ጓሮ ሞፈርና ቀንበር አይገባበትም፤ በሬ ለሌለው፣ ባል ለሌላት፣ መሬት ላልደረሰው የምትቀር ከቤቱ ጀርባ ያለች ቁራሽ ናት። እዚያ የሚሠራው በአብዛኛው ሴት ነው፤ የሚሠራውም በዶማና በእጅ። ዘሩ አይገዛም፤ ወይ ካምናው ይቀራል፣ ወይ ከጎረቤት ይለመናል። ገንዘብ የማይነካው ነገር ደግሞ መዝገብ አይነካውም።

መዝገብ ባይኖረውም ግን ስሞች አሉት። ስም ደግሞ እንደ ፓስፖርት ነው፤ ከየት እንደገባ ማኅተሙ ይታያል።

ባሚያ በአረብኛም ባሚያ ነው። ዱባም ከአረብኛው ዱባእ ጋር ይገጥማል፤ የሚገርመው ግን ያ ስም መጀመሪያ የቅል ስም ነበር። ዛሬ ዱባ የምንለው ትልቁ ብርቱካናማ ፍሬ ዘመዶቹ ያሉት አሜሪካ ነው፤ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሲመጣ የቅልን ስም ቀምቶ ተቀመጠ። ቲማቲምም አሜሪካዊ ነው፤ ስሙ ግን አረቦቹ ከሚሉት ጋር አንድ ነው። ሰላጣ፣ ካሮትና ቆስጣ ደግሞ የጣሊያንኛ ድምፅ አላቸው። ድንች ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1858 እንዳስገባው ይነገራል። እና በርበሬ! ክርስቶፎር ኮሎምበስ ከመሄዱ በፊት ከአሜሪካ ውጪ በርበሬ የቀመሰ የሰው ልጅ አልነበረም። ዶሮ ወጥ ፊት ተቀምጣችሁ ስለ ሦስት ሺህ ዘመን ስትፎክሩ፣ ድስቱ ውስጥ ያለው ቅላት አምስት መቶ ዓመት እንኳን ያልሞላው እንግዳ መሆኑን አስታውሱ።

ይህን የምለው ለማናደድ አይደለም። እነዚህን ዘሮች አስገብቶ ያላመደ ሚኒስቴር አልነበረም። ነጋዴ ጣላቸው፣ ወታደር ጣላቸው፣ ሚስዮናዊ ጣላቸው፤ የሆነች ሴት ግን አንስታ ጓሮዋ ውስጥ ሞከረቻቸው። የያዘላትን አስቀረች፣ ለልጇ ቋጠረችላት። «ብሔራዊ ምግብ» የምንለው ነገር ያለቀው በዚህ መንገድ ነው።

ባሚያ ግን መጪ ብቻ ሳይሆን ሂያጅም ነው።

ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ የዓለም ሰብሎች ከየት እንደመጡ ሲፈልግ፣ ኢትዮጵያንና አካባቢዋን ከዋና ዋናዎቹ መነሻዎች አንዱ አድርጎ ቆጠራት፤ በዚያ ዝርዝሩ ውስጥ ከጤፍ፣ ከኑግ፣ ከቡና ጋር ባሚያም አለበት። ሕንድ ነው የሚሉም አሉ፣ ምዕራብ አፍሪካ ነው የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ አልተዘጋም። እኔ ዳኛ አይደለሁም፤ ግን ከአባይ እስከ አትባራ ባለው ቆላ ባሚያ የቤት ልጅ መሆኑን ለማየት ገበያ መውጣት ይበቃል። ከሴቪያ ተነስቶ ግብፅ የደረሰው አቡ አልዓባስ አልነባቲ የተባለ የዕፅዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1216 ግብፆች ባሚያ ሲዘሩና ሲበሉ አይቶ ጽፏል። በባሪያ ንግድ ዘመን ደግሞ ዘሩ አትላንቲክን ተሻገረ። እንግሊዝኛው «ኦክራ» የሚለው ቃል ከኢግቦ ቋንቋ የመጣ ነው፤ የሉዊዚያናው ዝነኛ ወጥ «ጋምቦ» የተባለው ባሚያ በባንቱ ቋንቋዎች ካለው ስም ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን ሞንቲቼሎ በሚባለው ርስቱ ባሚያ ይዘራ ነበር፤ መሬቱን የሚቆፍሩት ግን ባሪያ አድርጎ የያዛቸው አፍሪካውያን ነበሩ።

እኛ ጋስ? ደጋ ላይ «ልጋግ ነው፣ ይዝለገለጋል» ይባላል። ልጅ ሆኜ ጎንደር ዘመድ ቤት ስሄድ ስለ ባሚያ መናገር አፍር ነበር፤ የቆላ ሰው፣ የድሃ ሰው ምግብ ነው። ሳንጃ ግን ክረምት ላይ በእርጥቡ ይበላል፤ የተረፈው ተቆራርጦ ቆርቆሮ ላይ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ለበጋ ይቀመጣል። ጠረፉ ላይ ደረቁን ወይካ ይሉታል። አንድ ጭብጥ ወይካ አንድ ድስት ወጥ ያወፍራል፤ ሥጋ ባይኖርም ድስቱ ባዶ አይመስልም።

ከዚህ ቆላ ዘር ይዞ የወጣ ሌላም ሰው አለ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1771 ጎንደርን ለቆ በመተማው በኩል ወደ ስናር ሲወርድ፣ በዚያን ጊዜ ራስ ኤል ፊል በሚባለው ቦታ ተቅማጥ ጣለው። የአገሬው ሰው ዋጊኖስ ሰጠው፤ ዳነ። ዘሩን ይዞ ሄደ፣ የእንግሊዝ ንጉሥ የአትክልት ቦታ ውስጥ በቀለ፤ ሳይንሱም ተክሉን በእሱ ስም ብሩሴያ ብሎ ጠራው። መድኃኒቱን ያቀበለው ሰው ስም የትም የለም። ብሩስን አልኮንነውም፤ ቢያንስ ጽፏል። ግን ከምድጃው በላይ የተንጠለጠሉትን ቋጠሮዎች ሳስብ ይህ ነገር ይመጣብኛል።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ።

እቴቴ ቤት ውስጥ አንድ የማይጣስ ሕግ ነበር፦ ዘር አይበላም። ረሃብ ቢመጣም። ልጅ ሆኜ የዱባ ፍሬ ቆልቼ ስበላ ያዘችኝና፣ በሕይወቴ አንዴ ብቻ፣ በጥፊ መታችኝ። ፍሬው ለዘር የተለየ ነበር። ያኔ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ከአያቷ የሰማችውን ነገረችኝ፤ ስለ ክፉ ቀን።

ክፉ ቀን የሚባለው ከ1880 እስከ 1884 አካባቢ ያለው ረሃብ ነው። በምፅዋ በኩል በገባ የከብት በሽታ ተጀመረ፤ ከአገሪቱ ከብት እስከ ዘጠና በመቶው እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ከሌለ እርሻ የለም። በላዩ ላይ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች መጣ። ጎንደርማ ጥር 1880 ላይ በድርቡሽ ተቃጥላ ነበርና ረሃቡ የደረሰው አመድ ላይ ነው። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሰው ምሳሌ ሆኑ ይባላል፤ በሬ ከሌለ በእጅ ቆፍሩ ነው መልእክቱ። በሌላ አነጋገር፣ አገሩ በሙሉ ወደ ጓሮ ተመለሰ።

የእቴቴ አያት ትለው የነበረው ግን ይህ ነው፦ ዝናብ የተመለሰ ጊዜ ሁሉም ሰው አልዳነም። ከብቱን ያጣ ዳነ፣ ቤቱ የተቃጠለ ዳነ፤ ዘሩን የበላ ግን ዝናቡን ቆሞ አየው። ይህን የነገረችኝ ምድጃ ፊት ሽሮ እያማሰለች ነው፤ ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። ጥፊው የገባኝ ያን ቀን ነው።

ከዚያ ረሃብ ወደ አርባ ዓመት ቆይቶ ቫቪሎቭ አገራችን ገባ። እ.ኤ.አ. በ1926 መጨረሻ ጅቡቲ ደረሰ፤ አዲስ አበባ ላይ ራስ ተፈሪ ተቀብለው አነጋገሩት፤ ከዚያ በበቅሎ ጎጃምንና ጎንደርን አቋርጦ በአክሱም በኩል አስመራ ወጣ። በየገበያውና በየማሳው የዘር ናሙና ሲሰበስብ ነው የከረመው፤ በሺዎች የሚቆጠር ናሙና ወደ ሌኒንግራድ ላከ። ስታሊን ግን አሰረው። እ.ኤ.አ. በጥር 1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ በምግብ እጦት ተጎሳቁሎ ሞተ። የዓለምን ምግብ ሲፈልግ የኖረ ሰው።

ይህ በሚሆንበት ጊዜ ሌኒንግራድ በናዚ ጦር ተከባ ነበር፤ ከበባው 872 ቀን ቆየ፣ ሕዝቡ በረሃብ አለቀ። ኢንስቲትዩቱ ውስጥ በቶን የሚቆጠር ዘር አለ፦ ሩዝ፣ ስንዴ፣ ኦቾሎኒ፣ ከእኛ አገር የሄደውም ጭምር። ሠራተኞቹ በየተራ ይጠብቁታል። ዲሚትሪ ኢቫኖቭ የሚባለው የሩዝ ባለሙያ በሺዎች በሚቆጠሩ የሩዝ እሽጎች መካከል በረሃብ ሞተ። የኦቾሎኒው ባለሙያ አሌክሳንደር ሽቹኪን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ሞተ። እሽጎቹን አልነኳቸውም።

ይህን ታሪክ ለእቴቴ በስልክ ነግሬያት ነበር። ጀግንነታቸው ይገርማታል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ዝም ብላ ሰማችኝና «እና ሌላ ምን ሊያደርጉ ኖሯል?» አለችኝ።

በ1977ቱ ድርቅ ይኸው ጥያቄ እኛው ጋ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመኖች ድጋፍ አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመ የዕፅዋት ዘረ-መል ማዕከል ነበረ፤ የሚመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ነበሩ። ገበሬው ዘሩን ለመብላት ሲገደድ አብሮት የሚጠፋው የአንድ ዓመት ምርት ብቻ አይደለም፤ ለዚያ አፈርና ለዚያ ዝናብ በመቶ ዓመታት የተለመደው ዝርያ ነው። የማዕከሉ ሰዎች በድርቅ ከተመቱ አካባቢዎች የሚጠፋውን ዘር ለማትረፍ ሮጡ። መላኩ በኋላም ዘርን ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ አይበቃም፣ ገበሬው ማሳ ላይ መቆየት አለበት ብለው ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ትልቁ ትኩረት ግን በእህል ላይ ነበር፤ ተገቢም ነው፣ አገር የሚያድረው በእህል ነው። የጓሮው ነገር አሁንም ማጀት ውስጥ ቀረ።

እና እኔ አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንዲት ቋጠሮ ይዤ።

በእውነት ለመናገር መዝራት የጀመርኩት ለዘር ተቆርቁሬ ሳይሆን ገንዘብ አጥቼ ነው። በ2016 መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ከመቶ ብር አልፎ ነበር። ደሞዜ ቤት ኪራዩን ከፍሎ የሚተርፈው ለትራንስፖርት ነው። ግቢው ውስጥ ከመታጠቢያው ጀርባ፣ ከቆርቆሮ አጥሩ ሥር ሁለት እርምጃ የምታህል ቦታ ነበረች። አከራዬን እትዬን ጠየቅኳት፤ «አይጥ እንዳታመጣብኝ እንጂ» ብላ ፈቀደች።

ብር ሳይኖር ምን ይሠራል መሰላችሁ። ሃይላንድ ለሁለት ቆርጦ ከሥሩ መብሳት፤ ችግኝ ማፍያ ሆነ። የአምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ከጎኑ መቅደድ፤ መደብ ሆነ። የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላና የወደቀ ቅጠል ጆንያ ውስጥ አድርጎ እያረጠቡ ወራት መታገስ፤ ፍግ መግዛት ቀረ። ነጭ ሽንኩርት ከጉሊት ተገዝቶ የበቀለውን ፍንካች መትከል። ቆስጣን ከሥሩ ሳይነቅሉ የውጩን ቅጠል ብቻ መቁረጥ፤ እንዲህ ከተደረገ ለወራት ያበላል። ይህን ሁሉ አዲስ ግኝት መስሎኝ ለእቴቴ ሳወራላት «ታዲያ ሌላ እንዴት ይደረጋል?» ነበር መልሷ። አያቴን ማስገረም ትቼአለሁ።

ቲማቲሙ ግን አዋረደኝ። ከአንድ የዘር ሱቅ እሽግ ገዛሁ፤ የመጀመሪያው ዙር ግሩም ነበር፣ ጎረቤት ሁሉ አየልኝ። እንደ እቴቴ ልጅ ከምርጡ ፍሬ ዘር አስቀረሁ፦ ፍሬውን ውሃ ውስጥ ጨምቄ፣ ሦስት ቀን አስቀምጬ ልጋጉ ሲለቀው አጥቤ፣ ወረቀት ላይ አደረቅኩ። ሁለተኛው ዙር አንዱ እንደ ጣት፣ አንዱ እንደ ኳስ፣ አንዱ ጭራሽ ሳያፈራ ቀረ። እሽጉን መልሼ ሳነብ በደቃቁ «ድቅል» ይላል። ድቅል ዘር ሁለት የተለያዩ ወላጆች ተዳቅለው የሚገኝ ነው፤ የመጀመሪያው ትውልድ አንድ ወጥና ብርቱ ይሆናል፣ የልጅ ልጆቹ ግን ወደ አያቶቻቸው ይበታተናሉ። ማጭበርበር አይደለም፤ ለነጋዴ ገበሬ ያዋጣል፣ ምርቱ ብዙ ነው። ለእንደ እኔ ዓይነቱ ግን በየዓመቱ ወደ ሱቁ መመለስ ማለት ነው። የተለመዱት ድቅል ያልሆኑ ዝርያዎች፣ እንደ ሮማ ቪኤፍ ወይም የመልካሳ ምርምር ማዕከል ያወጣቸው መልካሳልሳና መልካሾላ፣ ዘራቸው ቢቀር እናታቸውን ይመስላሉ። በጠባብ ኪስ የምትዘሩ ከሆነ እሽግ ላይ መጀመሪያ የምታነቡት ዋጋውን ሳይሆን ይህን ይሁን።

በነገራችን ላይ የ2005ቱ የዘር አዋጅ (ቁጥር 782/2005) ገበሬ ከምርቱ ያስቀረውን ዘር መጠቀሙንና አነስተኛ ገበሬዎች እርስ በእርስ መለዋወጣቸውን ከቁጥጥሩ ውጪ አድርጎት ነበር። አንዳንድ አገር ሰው በዚህ ነገር ፍርድ ቤት ይቆማል። የእቴቴ ቋጠሮ ቢያንስ ሕገ ወጥ አልነበረችም።

ባሚያዋስ? ቋጠሮዋን ፈትቼ ቆጠርኩ፤ አርባ ሦስት ፍሬ። የባሚያ ዘር ዕድሜው አጭር ነው፤ ጥቂት ዓመት ካለፈው ኃይሉ ይደክማል። በኪስ ይዞ መቆየት ማለት ቀስ ብሎ መግደል ማለት ነው። አለመዝራት አማራጭ አልነበረም፤ መዝራትም አስፈሪ ነበር፣ ምክንያቱም ባሚያ የሞቀ አፈር ነው የሚፈልገው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ያው ታውቋታላችሁ።

መጀመሪያ በመስከረም አሥር ፍሬ ዘራሁ። በዝናቡና በብርዱ አፈሩ ውስጥ በሰበሱ። ሠላሳ ሦስት ቀረ። ጥቅምት ላይ አሥራ ሁለት ፍሬ ለብ ባለ ውሃ አሳድሬ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከዋይፋይ ራውተሩ ላይ አስቀመጥኩ፤ ቤት ውስጥ ቀንና ሌሊት የሚሞቀው ነገር እሱ ብቻ ነው። ሰባቱ በቀሉ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፣ ፎቶ ሁላ ለጥፌ ነበር። የኅዳር ብርድ ሰባቱንም አንድ በአንድ ቢጫ አድርጎ ጨረሳቸው። ሃያ አንድ ቀረ። ያን ሰሞን እቴቴ ስትደውል «ዘሯስ?» ትለኛለች፤ «አለች» እላለሁ። ውሸት አልነበረም፤ ግን እንደ ውሸት ነበር።

ሦስተኛውን በየካቲት አደረግኩት፤ አዲስ አበባ ከዚያ ወዲያ ነው የምትሞቀው። ጀሪካኑን ጥቁር ቀባሁት። ፀሐይ ከሚመታው ቆርቆሮ አጥር ጋር አስጠጋሁት፤ ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ሌሊት ሌሊት በላስቲክ እሸፍናለሁ። አሥር ዘራሁ፣ ስምንት በቀሉ፣ አራት ተረፉ። ሳንጃ ውስጥ ከሰው ቁመት የሚያልፈው ባሚያ እዚህ ጉልበቴን አልደረሰም። ግን ግንቦት መጀመሪያ ላይ አንድ ጠዋት አበባ ይዞ አገኘሁት፤ ቀላ ያለ ቢጫ፣ መሐሉ ጥቁር ቀይ። እትዬ ቆማ አየችው። «እኔ እኮ ሙጃ መስሎኝ ልነቅለው ነበር» አለች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችው።

ስድስት ፍሬ ያዘ። አንድም አልቀጠፍኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ባሚያ በጣም አምሮኝ ነበር፤ ከሳንጃ ከወጣሁ ወዲህ አልበላሁም። ስድስቱም ተክሉ ላይ እንዳሉ ደረቁ፣ ጠነከሩ፣ ጫፋቸው ተሰነጠቀ፤ ሲነቀነቁ ይንኳኳሉ። ሁለቱ ባዶ ነበሩ። ከአራቱ ወጥቶ ሃምሳ ሰባት ዘር ቆጠርኩ። ካልዘራሁት አሥራ አንድ ጋር ስልሳ ስምንት።

ሰኔ ላይ ደወልኩላት።

«ስንት?»

«ስልሳ ስምንት፣ እቴቴ።»

ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«ግማሹን ላክልኝ። እዚህም ይበርዳታል፤ የአክስትህ በረንዳ ግን ፀሐይ አለው። ጣሳ አገኛለሁ።»

ጎንደር የሚሄድ ሰው ተገኘ። ነጠላ ስለሌለኝ ሠላሳ አራቱን ዘር በአሮጌ ቲሸርት ቁራጭ ቋጠርኩት። አመድ ግን አልነበረኝም፤ የማበስለው በኤሌክትሪክ ነው። እትዬ ጋ ሄጄ ከቡና ማፍያዋ ከሰል አመድ ለመንኳት።

«ምን ያደርግልሃል?»

«ለነቀዝ ነው። ዘሩን ልለውስበት።»

በማንኪያ ሰጠችኝ። ልወጣ ስል በሩ ላይ ጠራችኝ።

«ስማ፣ ለእኔም አምስት ፍሬ ተውልኝ።»